የመጨረሻው የካፋ ንጉሥና የእኛ ቤት ሲኒ

ባለፈው ሴሚስተር በፊቸር አጻጻፍ ኮርስ አንድ የቤት ሥራ ተሰጥቶን ነበር። ከሞተ ረጅም ጊዜ የሆነውን አንድ የታወቀ ሰው መርጠን ሕይወቱን መጻፍ። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ጥቅስ አይፈቀድም። መምህራችን ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ የሞተ ሰው ለዝግጅት ክፍሉ ማስተባበያ መላክ ስለማይችል አፉ ውስጥ ቃል መክተት ከጋዜጠኛ ሥነ ምግባር ውጭ ነው አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በኋላ ነገሩ ሲገባኝ ነው ሳቁ የቀረብኝ።

ከክፍላችን ግማሹ በዓሉ ግርማን መረጠ (የጋዜጠኝነት ተማሪ ሌላ ማንን ይመርጣል?)። የቀረው አበበ ቢቂላንና ጥላሁን ገሠሠን ተከፋፈለ። እኔ ታቶ ጋኪ ሸሮቺ ብዬ ሳስመዘግብ ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ አዲስ የወጣ የቡና ስም መስሎት ነበር። አልፈረድኩበትም። እኔም ብሆን ስለ እሱ አገር ንጉሥ ብጠየቅ ከዚያ የተሻለ መልስ አይኖረኝም።

ውድ አንባብያን፣ ታቶ በካፊኖኖ ቋንቋ ንጉሥ ማለት ነው። ጋኪ ሸሮቺ ደግሞ የካፋ የመጨረሻው ንጉሥ ናቸው። እኔ የተወለድኩት ዋጫ ነው፤ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የጨና ወረዳ ከተማ። ዝናቡ አይጠገብም፣ ጭቃውም እንደዚያው። እንሰት፣ ቡና፣ ማር፣ ጫካ ነው። ልጅ እያለን ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ (መቼ ነው የማይጠፋው?) አያቴ ምድጃው ዳር ተቀምጠው የንጉሡን ነገር ይተርኩልን ነበር። የሚተርኩት ትናንት የሆነ ነገር አስመስለው ነው። ድምፃቸው የሚለወጥበት ቦታ ነበረ፤ ንጉሡ የተያዙበት። እዚያ ሲደርሱ ዝም ይሉና እሳቱን ይቆሰቁሳሉ። ከዚያ ንጉሡን ማን እንደጠቆመ ይነግሩናል። እዚህ ነጥብ ላይ እመለስበታለሁ፤ የጽሑፌ ዋና ጉዳይ እሱ ስለሆነ።

መጀመሪያ ሰውየው ይቅደሙ።

ጋኪ ሸሮቺ ዙፋን ላይ የወጡት አባታቸው ታቶ ጋሊ ሸሮቺ ሲሞቱ እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ቤተሰባቸው ሚንጆ ይባላል። በአፈ ታሪኩ መሠረት የሚንጆ ነገሥታት ካፋን መግዛት የጀመሩት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ጋኪ የተረከቡት አምስት መቶ ዓመት የተሻገረ ዙፋን ነው። መናገሻቸው ቦንጋና አንድራቻ ነበሩ። ከንጉሡ ጋር ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ይቀመጣሉ፤ ንጉሡ እንዳሻቸው የሚያደርጉ ሰው አልነበሩም። አገሩ በጎጀብና በኦሞ ወንዞች፣ በጥቅጥቅ ጫካ፣ ከዚያም በላይ በጥልቅ ቦይና በኬላ የታጠረ ነበር። ነጋዴ ሲመጣ በኬላው በኩል ብቻ ይገባል፤ ሲወጣም እንዲሁ።

ቦንጋ ደግሞ ያኔ ቀላል ገበያ እንዳትመስላችሁ። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 ደርሶባታል። ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ማር ከእሷ ተነሥቶ በጅማ በኩል ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና የማርያ ቴሬዛ ብር ይመለሳል። ከሸቀጦቹ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳልጽፋት ለማለፍ ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ስለ ንጉሣችን ጥሩ ነገር ልጽፍ ተነሥቼ ባሪያ ንግድ ውስጥ መግባቴ ደስ አላለኝም። ግን አንድ የጋዜጠኝነት ተማሪ የአገሩን ገበያ ሲዘረዝር ቡናውን ጠርቶ ሰዉን ከዘለለ ምኑን ተማረው?

ካነበብኩት ሁሉ ልቤ ላይ የቀረው ግን የንጉሡ አበላል ነው። የካፋ ንጉሥ እንደማንኛውም ሰው አይታይም። ሲበላ ማየት ክልክል ነው፤ ማዕዱ በመጋረጃ ይጋረዳል። ክብሩ ከሰው በላይ ስለሆነ ከሰው ጋር አይበላም። ስለ ካፋ ሁለት ትልልቅ ቅጽ የጻፈው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ይህን የቤተ መንግሥት ሥርዓት በዝርዝር መዝግቦታል። መጻሕፍቱ እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 የታተሙ፣ በጀርመንኛ የተጻፉ ናቸው። እኔ ጀርመንኛ አልችልም፤ ሌሎች ከእሱ ወስደው የጻፉትን ነው ያነበብኩት። ያን ስፈልግ ነው ሌላኛው ብቻውን የሚበላ ሰው ድንገት ትዝ ያለኝ።

ማንጆ።

ሚንጆና ማንጆ፣ ልብ በሉ፣ በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩት። ሚ እና ማ። ሚንጆ የንጉሡ ወገን ነው። ማንጆ ደግሞ ከሁሉ በታች ተደርጎ የሚታየው ወገን ነው፤ በአደን፣ በማር፣ በኋላም በማገዶና በከሰል ሽያጭ የሚኖር። የእነዚያ ኬላዎች ጠባቂ ሆነው መንግሥቱን ያገለገሉት ማንጆዎች ናቸው። አገር ጠባቂ ናቸው፤ ቤት ግን አይገቡም። ካፋ አንድ ማዕድ ላይ ከማንጆ ጋር አይቀመጥም። ዕቃ አይጋራም። ምግብ ቢሰጠው በኮባ ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ ይጣላል። ሰላምታቸው እንኳ የተለየ ነበር፤ ማንጆ ለካፋ የሚያቀርበው ሰላምታ በአንተ ፋንታ እኔ ልሙት የሚል ትርጉም አለው። ምክንያቱን የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ የዱር አውሬ ሥጋ፣ ጉሬዛና ከርከሮ ስለሚበሉ ነው ይላችኋል። ከጠባቂነት ሥራቸው ጋር ሳስተያየው ይህ ምክንያት ለእኔ አይበቃኝም። የአገሩን በር ይጠብቅ ዘንድ የታመነ ሰው የቤቱን በር እንዳይሻገር ምን ከለከለው?

እንግዲህ ነገሩን አስቡት። በአንድ አገር ውስጥ ብቻቸውን የሚበሉ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ከሁሉ በላይ ስለሆኑ፣ ሌላው ከሁሉ በታች ስለተደረገ። በመካከል ያለው ሕዝብ በአንዱ ማዕድ ዙሪያ ተሰብስቦ ይበላል፤ ይህንንም ጨዋነት ይለዋል። እኛ ቤት ሥነ ምግባር ማለት በአብዛኛው ይኸው ነበር፤ ከማን ጋር እንደምትበላና ከማን ጋር እንደማትበላ ማወቅ።

የራሴን ካልነገርኩ ይህ ጽሑፍ ሐሜት ይሆናል።

ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት ሴት ከሰል ይዘውልን ይመጡ ነበር። ስማቸውን አላውቅም፤ ለዓመታት ከሰላቸውን ገዝተን ስማቸውን አለማወቃችን ራሱ አንድ ነገር ነው። አሁን ሳስበው ከአያቴ እምብዛም አያንሱም። እኔ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ አንቺ ነበር የምላቸው። ጎረቤት ላይ ለሚያልፍ ማንኛውም ሽማግሌ እንዲህ ብል በጥፊ ነበር የምመታው። ለእሳቸው ሲሆን ማንም አላረመኝም። ውኃ ሲጠማቸው የማቀርበው እኔ ነኝ፤ አቀራረቡን ተምሬያለሁ። እሳቸው ሁለት እጃቸውን ያጠጋጋሉ፣ እኔ ከከፍታ አፈሳለሁ። ኩባያው እንዳይነካ። አንድ ቀን እጄ ተንቀጥቅጦ ኩባያው ጣታቸውን ነካ። እሳቸው ናቸው የደነገጡት። እናቴ ኩባያውን ወስዳ ለዶሮዎቹ ውኃ መጠጫ አደረገችው።

አራተኛ ክፍል ደግሞ አንድ ልጅ መጨረሻ ወንበር ላይ ብቻውን ይቀመጥ ነበር። ወንበር ሲጎድል አጠገቤ አስቀመጡት። ደብተሬን ሰብስቤ ተነሣሁና ሦስት ሆነው ከተጣበቡት ጋር ተጨናንቄ ተቀመጥኩ። ማንም አልገፋኝም፣ ማንም አላዘዘኝም። ልጁ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ የለመደው ነገር ነው። በዓመቱ ትምህርቱን ተወ። ለመተውም ሌላ ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። እኔ ግን ከምክንያቶቹ አንዷ መሆኔን አልክድም።

ወደ ንጉሡ ልመለስ።

ጋኪ ሸሮቺ የነገሡበት ዘመን ጥሩ ዘመን አልነበረም። ከእሳቸው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1881፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው የጎጃምና የካፋ ንጉሥ አድርገዋቸው ነበር፤ ያኔ በካፋ ዙፋን ላይ የራሷ ንጉሥ ተቀምጦ። በዓመቱ እምባቦ ላይ ምኒልክ ተክለ ሃይማኖትን አሸነፉና የደቡብ ምዕራቡ ጉዳይ ወደ ሸዋ ዞረ። ጋኪ ለአፄ ምኒልክ መገበርን እምቢ አሉ። ከዓድዋ ድል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 መጨረሻ ላይ፣ የምኒልክ ጦር ወደ ካፋ ተንቀሳቀሰ። ዋናው አዛዥ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ ሲሆኑ፣ ከኢሉባቦር በኩል ተሰማ ናደው፣ ከወለጋ በኩል ደምሰው፣ ከዚያም የጅማው አባ ጅፋር ዳግማዊ ተጨመሩበት። በጽሑፍ ተደጋግሞ የሚገኘው ግምት የወልደ ጊዮርጊስን ጦር ብቻ ወደ 31 ሺህ፣ ጠመንጃውን ወደ 20 ሺህ ያደርሰዋል። ካፋ የነበረው ጠመንጃ 300 ያህል ነው።

300 በ20 ሺህ። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፣ በኋላ እፈልጋታለሁ።

ንጉሡ ፊት ለፊት ጦርነት እንደማያዋጣ አይተው ወደ ጫካው ገቡ። ዘጠኝ ወር ያህል ተፋለሙ። ዘጠኝ ወር! ጦሩ መንደሩን አቃጠለ፣ እህሉን በላ፣ ሰዉን ነዳ። ርሀብና በሽታ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1897፣ በእኛ አቆጣጠር 1890 ዓ.ም. በገባበት ሰሞን፣ ታቶ ጋኪ ተያዙ። አደይ አበባ በፈነዳበት ሳምንት ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው በካፋ ልጅ ሁሉ አፍ ያለ ታሪክ ነው። በብር ሰንሰለት ታሰሩ ይባላል። ሲወሰዱ ጎጀብን በሚሻገሩበት ጊዜ የወርቅ ቀለበታቸውን ከጣታቸው አውጥተው ወንዙ ውስጥ ወረወሩት ይባላል። በትረካው ላይ ንጉሡ እዚያ የተናገሩት ቃል አለ፤ አያቴ ሲናገሩት ሁላችንም እናለቅስ ነበር። እዚህ አልጽፈውም። መምህራችን ከልክለዋል፤ እኔም ከወንዙ ዳር ቆሞ የሰማውን ሰው አላገኘሁም። ንጉሡ አንኮበር ታሰሩ፤ ከመንግሥታቸው ተለይተው ሃያ ዓመት በላይ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1919 አረፉ። ዘውዳቸውን አፄ ምኒልክ ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡት፤ ዘውዱ አገር ውስጥ ካለ ካፋ መልሳ ትነሣለች የሚል እምነት ስለነበረ ነው ይባላል። ባሕር ተሻግሮ ዙሪክ ተቀመጠ፤ የተመለሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1898 መጀመሪያ ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ከወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር በካፋ አልፏል። የጻፈውን በትርጉም አንብቤዋለሁ። ሰው የጠፋበት መንደር፣ ዳዋ የዋጠው ማሳ፣ መንገድ ዳር የተበተነ አጥንት ነው ያየው። ያን ገጽ ያነበብኩት ላይብረሪ ውስጥ ነው፤ አጠገቤ ሁለት ልጆች ስለ ማንቼስተር ይከራከራሉ። ከጦርነቱ የተረፈው ብዙ ሰው ገባር ሆነ፤ ብዙ ሰውም ተሸጠ። ትናንት ሰው ይሸጥባት የነበረችው አገር ራሷ የሰው ማስጫኛ ሆነች። ኢትዮጵያ በሕግ ባርነትን ሙሉ በሙሉ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ ጋኪ ከሞቱ 23 ዓመት በኋላ። የእኛ ሰው ስለ ሁለተኛው ሽያጭ በቁጣ ያወራል። ልክ ነው፣ ይቆጣ። ስለ መጀመሪያው ሽያጭ ግን ምድጃ ዳር አንድም ቀን ሲወራ አልሰማሁም።

አሁን ወደዚያች ነጥብ ልምጣ፤ ንጉሡን ማን ጠቆመ ወደሚለው።

በአያቴ ትረካ መልሱ አንድ ነበር፤ ማንጆ። ንጉሡ የደሃ ልብስ ለብሰው ጫካ ውስጥ ተሸሽገው ሳለ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ለጦሩ ጠቆመ። ይህን ስንሰማ እኛ ልጆች የምንደርስበት ድምዳሜ ግልጽ ነው። በማግስቱ ከሰል ይዘው የሚመጡት ሴት የዚያ ሰው ልጅ ናቸው። ውኃው ከከፍታ ቢፈስ ምን ይገርማል? ንጉሣችንን የሸጡ ናቸው!

የቤት ሥራውን ስጽፍ ይህን አንቀጽ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ እንዳለ አስገብቼው ነበር። እንዲያውም ሊዴ እሱ ነበር፤ ይስባላ! ረቂቁን መምህራችን መለሱልኝ። ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። ሌላ ምንም የለም። ያን ምልክት ሳየው ነው ቅድም የተሳቀበት ነገር የገባኝ። ንጉሡ ብቻ አይደሉም ማስተባበያ መላክ የማይችሉት። ያ ጠቋሚ የተባለው ሰውም አይችልም፤ ስሙ እንኳ የለም። ስም ስለሌለውም ጥፋቱ በሕዝብ ስም ተመዘገበ፤ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኖትም ልጅ ልጆቹ ይከፍሉበታል።

ስለዚህ የተማርኩትን ሠራሁ፤ ሌላ ምንጭ ፈለግኩ። ለመስቀል ዕረፍት ዋጫ ስገባ ታሪክ ያውቃሉ የሚባሉ ሦስት ሽማግሌዎችን ለየብቻ ጠየቅኩ። አንደኛው የጠቆመው የንጉሡ የራሳቸው አሽከር ነው አሉኝ። ሁለተኛው ከዘመዶቻቸው አንዱ ነው አሉ፤ ስሙንም ጠቅሰው ጎረቤታቸው ከዚያ ቤት እንደሚወለድ ነገሩኝ (ከጎረቤታቸው ጋር በድንበር እንደሚካሰሱ የሰማሁት በኋላ ነው)። ሦስተኛው ማንም አልጠቆመም ብለው ሳቁብኝ። ሦስት ሰው፣ ሦስት መልስ። ከዚያ ያቺን ቁጥር አስታወስኩ። 300 ጠመንጃ፣ 20 ሺህ ጠመንጃ፣ ዘጠኝ ወር፣ ከየአቅጣጫው የገባ ጦር፣ የተቃጠለ እህል። እንዲህ ያለ ጦር አንድን ሰው ለመያዝ ከሃዲ የግድ ያስፈልገዋል? የሚያስፈልገው ለእኛ ነው፤ ለተሸነፍነው። በመሣሪያ ተበልጠን ወደቅን ከማለት ተሸጥን ማለት ይቀላል። ተሸጥን ካልን ደግሞ ሻጭ ያስፈልጋል፤ ሻጭ ስንፈልግ ዓይናችን የሚያርፈው ቀድሞውንም አብሮን በማይበላው ላይ ነው። አብሮን ስለማይበላ ቡናችን ላይ ተቀምጦ ውሸት ነው የሚል አይኖርም።

ማንጆዎች የራሳቸው ትረካ እንዳላቸውም ከዚያ በኋላ ነው የሰማሁት። በእነሱ ትረካ ከሚንጆ በፊት አገሩ የእነሱ ነበር፤ ንግሥናውን የተነጠቁት በተንኮል ነው። ይህንንም እንደ ማስረጃ አልጽፈውም፤ ለአያቴ ትረካ ያልሰጠሁትን ለዚህ መስጠት አድልዎ ይሆናል። ብቻ ሃያ ዓመት ሙሉ ጎረቤት ሆነን አንድ ጊዜ እንኳ አለመስማቴ አሳፈረኝ። ማንጆዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ስለሚደርስባቸው መገለል ለመንግሥት በጽሑፍ አቤት ብለዋል። ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ነው የሚለው ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ከዋለ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። እኔ ሲቪክስ ላይ አንቀጽ 25ን በቃሌ ይዤ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ፤ ውኃ ሳፈስ በነበረበት እጄ ጽፌ።

ለአያቴ ይህን ማንበብ አልችልም፤ ከሁለት ዓመት በፊት አርፈዋል። ውሸታም ነበሩ ማለቴ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። የሰሙትን ነው የነገሩን፤ ከእሳቸው በላይ ደግ ሰው አላየሁም፤ ማርና ቆጮ ለመንገደኛ ሁሉ ይሰጡ ነበር። ለማንጆም ይሰጡ ነበር፤ በኮባ ቅጠል። ግራ የሚያጋባኝ ይኸው ነው። ክፉ ሰው ክፉ ነገር ቢያደርግ ለመጻፍ አይከብድም። ደግ ሰው በደግነቱ መሐል፣ እየሳቀ፣ እየመረቀ የሚያደርገውን እንዴት ነው የምትጽፉት? ንጉሥ ጋኪም ለእኔ እንደዚያው ሆኑብኝ። ዘጠኝ ወር በ300 ጠመንጃ መቆማቸውን አከብራለሁ፤ ስሜቱ አሁንም ጉሮሮዬን ይይዘዋል። ሰው የሚሸጥበትንና ጠባቂው ቤት የማይገባበትን ሥርዓት ዙፋን ላይ ሆነው ያስጠበቁትም እሳቸው ናቸው። ሁለቱንም ጽፌ አስረከብኩ። ያገኘሁት ቢ ፕላስ ነው፤ ረዘመ ተብዬ። (ይኸኛውም ሳይረዝም አልቀረም።)

የመስቀል ዕለት ማግስት ቅዳሜ ነበር። እናቴ ቡና ታፈላለች፤ ጎረቤቶች ተሰብስበዋል። ሴትየዋ ከሰላቸውን አዝለው ደጅ ደረሱ። አርጅተዋል። ወጥቼ በአንቱታ ሰላም አልኳቸውና ገብተው ቡና እንዲጠጡ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ የሰሙኝ አልመሰሉም። ደግሜ ስጠይቅ ከኋላዬ እናቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ደጃፉ ላይ፣ በውጭና በውስጥ መሐል፣ ቁጭ አሉ። ስማቸውን ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ የእሳቸው ነው።

እናቴ ምንም አላለችም። እጇ ግን ወደ ጣሳው ሲሄድ አየሁና ቀድሜ ከረከቦቱ ላይ ሲኒ አነሣሁ፤ ጠርዙ ትንሽ የተሸረፈውን። በእርግጥ ሆን ብዬ የተሸረፈውን አልመረጥኩም፤ ወይም አልመረጥኩም ብዬ ነው የማስበው። እናቴ ቀዳች። ሴትየዋ ሲኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ጠጡ። ማንም እንዳያያቸው። አንዷ ጎረቤታችን በረካውን ሳትጠብቅ ሥራ አለብኝ ብላ ተነሣች።

ማታ ዕቃ ሲታጠብ ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች ስድስት ነበሩ። ሰባተኛው መስኮቱ ላይ ለብቻው ተቀምጧል። አንሥቼ ከሌሎቹ ጋር ደባለቅኩት። እናቴ አየችኝ፤ አሁንም ምንም አላለችም።

ጠዋት ቡናው ሲደርስ ሲኒዎቹን ደረደረች። የተሸረፈው የትኛው እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ቀዳችልኝ፤ በእሱ። ጠጣሁ። ስጨርስ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። ለራሷ ግን ሌላ አነሣች።